አራት አልጋ በአንድ ሰው ስም

አራት አልጋ ለአንድ ሰው ምን ያደርግለታል? ነህምያ ይህን ጥያቄ ባቡሩ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ከተነሳ ጀምሮ ሲያመላልሰው አዳማን አለፈ፣ መተሐራን አለፈ፣ አዋሽን አለፈ፤ አሁን ከመስኮቱ ውጭ ቁጥቋጦና ቀይ አፈር ብቻ በቀረበት ሰዓት እንኳ አልለቀቀውም። ክፍሉ በር አለው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ከታች ሁለት ከላይ ሁለት አልጋ አለ፣ አራቱም በስሙ ተይዘዋል። የያዘችለት እህቱ ኑሀሚን ናት። ትኬቱን በስልክ ስትልክለት «ደክሞህ ስለምትመጣ ተመቻችተህ እንድትተኛ ነው» ብላ ጽፋበታለች። ተመቻችተህ። ኑሀሚን በሠላሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ ለእሱ ምቾት ተጨንቃ አታውቅም። ልጆች ሳሉ ከሁለቱ ትራስ ለስላሳውን የምትወስድ እሷ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በባጃጅ ሲሄዱ እሱን ከሹፌሩ ጎን በግማሽ ቂጡ የምታስቀምጥ እሷ ነበረች። አሁን ድንገት ተነስታ እንደ ሙሽራ አንድ ክፍል ሙሉ አልጋ ሰጠችው። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይላሉ፤ ነህምያ ግን የጠረጠረው ገንፎውን ራሱን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም፤ ከቪየና ሲነሳ አልተኛም፣ አውሮፕላን ውስጥ አልተኛም፣ እዚህም አራት አልጋ ተሰጥቶት አንዱ ላይ እንኳ መተኛት አቅቶት ተቀምጧል።

አልጋውም ቢሆን ለመቀመጫ አልተፈጠረም። ጀርባው ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ኋላ ከሄደ እግሩ እንደ ሕፃን ይንጠለጠላል፤ እግሩን መሬት ካስረገጠ ወገቡ ባዶ አየር ላይ ይቀራል፤ ቀጥ ልበል ቢል የላይኛው አልጋ ጠርዝ አናቱን ይመታዋል። ትራሱን አጥፎ ወገቡ ሥር ከትቶ ነው ትንሽ የተሻለው። አባቱ አለምብርሃን ቢያይ ገና በሩ ላይ ቆሞ ይፈርድ ነበር። አለምብርሃን በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ሠላሳ አንድ ዓመት የፉርጎ ወንበር ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው፤ ሞላ ቀይሯል፣ የፈረስ ጭራ ጠቅጥቋል፣ ቆዳ ሰፍቷል። የመቀመጫ ጥልቀት ከጉልበት እስከ ወገብ ነው፣ ካለፈ አልጋ ነው፣ ካነሰ በርጩማ ነው ይላል። ሠርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይለቅና ይቆጥራል። ሦስት ከመባሉ በፊት የተጫነው ቦታ ከተመለሰ ይቀመጣል፤ ካልተመለሰ «ይሄ ሞቷል» ብሎ ቆሞ ያወራል። የኑሀሚን አማቾች ቤት አዲስ ሶፋ ላይ ይህንኑ ብሎ የነህምያ እናት መግቢያ አጥታ ነበር። ነህምያም እዚህ ክፍል እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ይህንን ነው፤ ተጫነ፣ ለቀቀ፣ ቆጠረ። ፍራሹ በሁለት ተመለሰ። ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ራሱ አስጠረጠረው።

ቪየና ውስጥም ሥራው ከዚሁ አይርቅም፤ የመኝታ ባቡር ያጸዳል። ባቡሮቹ ጠዋት ይገባሉ፣ መንገደኛው ይወርዳል፣ እሱ ይወጣል። እዚያ አልጋው ተጣጥፎ ወንበር ይሆናል፤ እጀታውን ትስባለህ፣ ጀርባው ቀጥ ይላል፣ መደገፊያው ይወጣል፣ ሌሊት ሰው የተኛበት መሆኑን ማንም አያውቅም። ለአንድ ክፍል አሥራ አንድ ደቂቃ ተሰጥቶታል። ስልኩ ላይ የተጫነው መተግበሪያ ይቆጥርበታል፣ ከዘገየ ቀይ ይበራል፤ ለምን ዘገየህ፣ አሞህ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፣ ቀዩ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት አልጋን ወንበር ሲያደርግ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም፤ ክልክል ነው። አባቱ በስልክ አንድ ጊዜ የዚያ አገር ወንበር እንዴት ነው ብሎ ጠይቆት ነበር። የጠየቀው በክፉ ቀን ነው። እኔ እዚህ የመጣሁት ልቀመጥ መሰለህ ወይ ብሎ መለሰለት፤ አባቱ ስልኩን ለእናቱ ሰጠ። በማግስቱ ተጸጽቶ የወንበሩን እጀታ፣ ሞላውን፣ ስፌቱን፣ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳለት። ዛሬ እልካለሁ ነገ እልካለሁ ሲል ሁለት ዓመት ሆነው፤ ፎቶዎቹ አሁንም ስልኩ ውስጥ ናቸው።

የኑሀሚን ስልክ የመጣው ነሐሴ ስምንት ቀን ነው። አባዬን ትንሽ አሞታል፣ ሊያይህ ይፈልጋል፣ ብትመጣ ደስ ይለዋል አለችው። ትንሽ አሞታል። ይህቺን ቃል መፍታት የማይችል የአገሩ ሰው የለም። ውጭ ላለ ሰው፣ በተለይ ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ሞት በስልክ አይነገርም፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ ተቀመጥ ተብሎ ነው። እስከዚያው ሟቹን ትንሽ ያመዋል። አብሮት የሚሠራ አንድ የሐረር ልጅ ወንድምህን ትንሽ አሞታል ተብሎ ሲሄድ የደረሰው አርባው ሲወጣ ነው። ነህምያ ስልኩን ዘጋና ለባዶው ክፍል ድምፁን አውጥቶ «አባቴ ሞተ» አለ። ከዚያ የፈቃድ መጠየቂያውን ከፈተ። ምክንያት ይምረጡ ይላል፤ የቅርብ ቤተሰብ ሕመም የሚል አለ፣ ከሥሩ የቅርብ ቤተሰብ ሞት የሚል አለ። ሞትን ቢነካ ወዲያው ይፈቀድለታል፣ ሕመምን ቢነካ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል። ጣቱ ሞት ላይ ደርሳ ቆመች። ብነካው የገደልኩት እኔ እሆናለሁ ብሎ ፈራ፤ ሕመምን ነካ። የሐኪሙን ወረቀት ላኪልኝ ሲላት ኑሀሚን እሺ እልካለሁ አለች፤ አልላከችም። ከየት ታምጣ? የሞተ ሰው የሕመም ወረቀት አይሰጠውም። በመጨረሻ አለቃው ፊቱን አይቶ ያለ ወረቀት ለቀቀው።

ከሁሉ ያስፈራው ግን የኑሀሚን ጨዋነት ነው። የድሬ ሰው ሲዋደድ ይሰዳደባል፣ አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ አባቱንም ጎረቤቱንም አንተ ነው የሚለው፤ የድሬ ሰው ስምህን አቆላምጦ በቀስታ ካናገረህ ወይ ሊያስታርቅህ ነው ወይ ሊያረዳህ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ኑሀሚን ስልክ ስታነሳ ሰላምታዋ «እሺ፣ የፈረንጅ መጥረጊያ» ነበር። አሁን ነህምዬ ትለዋለች። በላህ ወይ ነህምዬ፣ ተኛህ ወይ ነህምዬ። ሊፈትናት ብሎ አንድ ቀን፣ አንቺ ከንፈረ ወፍራም፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የሰለጠንሽው አላት። እሺ ነህምዬ አለችው። እናቱን እንዳይጠይቅ እናቱ የለችም፤ ፍልሰታ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ሠላሳ ስልኳን ዘግታ ቁልቢ ሱባኤ ትገባለች፣ ጾሙ እስኪፈታ የቤቷንም ድምፅ አትሰማም። ሰው ተመላልሶ እንደነገራት አድርጋ ኑሀሚን፣ እማዬ እየጸለየችልህ ነው፣ ልብስ ደርብ ብላለች ትለዋለች። ከመግባቷ በፊት ግን ደውላለት ነበር። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወንበር ሥር የተለጠፈ ማስቲካ እየፋቀ ነው፣ መተግበሪያው ዘጠነኛውን ደቂቃ ይቆጥራል፣ ስልኩ «እማዬ» ብሎ በራ፤ በጓንቱ ቀዩን ተጫነና ዘጋው። ጾም ሲፈታ እደውልላታለሁ አለ። አሁን ይህን ሲያስታውስ ትንሽ ቅር አለው፤ ወዲያው ግን ወደ አባቱ ተመለሰ። የሞተ ሰው እያለ ስለ ደህና ሰው መጨነቅ ምን ይሉታል።

ማስረጃው ደግሞ በየደረሰበት ይጠብቀዋል። ዛሬ ማለዳ ቦሌ የተቀበለው የአጎቱ ልጅ ይሳቅ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ጥቁር መነጽር አድርጓል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ለምን ባቡር ቢለው ቦታ ሞልቷል አለ፤ ቤት እንግባና ፊቴን ልታጠብ ቢለው ይረፍድብሃል አለ። ሻንጣውን እዚህ ክፍል ድረስ ተሸክሞ አስገባለትና አቀፈው፤ ሲያቅፈው ከሚገባው በላይ ቆየ። የፉርጎዋ አስተናጋጅም አለች፤ ካውሰር ይላል ደረቷ ላይ ያለው ስም። አንዴ ውሃ ይዛ መጣች፣ አንዴ ብርድ ልብስ፣ አንዴ ምሳ በላህ ወይ ብላ። መንገደኛን እንዲህ የሚንከባከብ ባቡር የት ነው ያለው? አዋሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው፣ ወንበሩ አልሆነኝም፣ ትርፍ አልጋ ካለ ጋደም ልበል ብለው በሩን ሲከፍቱ፣ ነህምያ ግባ አባቴ ሊል አፉን ሲከፍት ካውሰር ቀድማ ተይዟል አለች። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ሄዱ።

«በማን ነው የተያዘው?» አላት ነህምያ።

«አራቱም በአንተ ስም ነው፣ ወንድሜ።»

«እኔ አንድ ነኝ።»

«ቢኬ ላይ ይሞላል፤ እንዳታስነኪባቸው ተብያለሁ» አለችና ያመለጣትን ለመመለስ እንደፈለገ ሰው ከንፈሯን ነከሰች። ማነው ያለሽ ሲላት ወደ በሩ ዞረች። በሩን ስትዘጋ ሌላውን በር እንደምትዘጋው በሃይል አልዘጋችውም፣ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ገጠመችው።

ቢኬ። ከድሬ በፊት ባቡሩ የሚቆምባት የመጨረሻዋ ጣቢያ። ነህምያ አሁን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው። ቤቱን አይቶ፣ በሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይቶ እንዳይወድቅ፣ እዚሁ ባቡር ውስጥ፣ በር ባለው ክፍል፣ ለስላሳ ነገር ላይ አስቀምጠው ሊያረዱት ነው። ምቾቱ ለእንቅልፍ ሳይሆን ለመውደቂያ ነው የተያዘለት። አልጋዎቹን ለሰው ደለደለ። ከፊት ለፊቱ ያለው የኑሀሚን ነው። ከላይ አንዱ የእናቱ ነው፤ ለዚህ ነገር ሱባኤዋን አቋርጣ ትወርዳለች፣ ደረጃውን እንዴት እንደምትወጣው እንጃ እንጂ። ሌላው የሽማግሌው ነው፣ የመርዶ ነጋሪው፣ ማን ይሆን? ተናደደ። ስድስት ቀን ሙሉ አባዬን አገናኙኝ ሲል ተኝቷል ይሉታል፣ ገላውን እየታጠበ ነው ይሉታል፣ ወርክሾፕ ወዳጆቹን ሊያይ ወጥቷል ይሉታል፤ የታመመ ሰው መቼ ነው ወዳጅ ሊያይ የሚወጣው? አለምብርሃን እኮ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። ጎረቤታቸው ሃሊሞ፣ የግድግዳ ተጋሪያቸው፣ ከሐርላ እስከ ሞቃዲሾ ያለውን ወሬ ካልጨረሰች የማትነሳ ሴት ናት፤ ነህምያንና ኑሀሚንን ጭምር ያሳደገች ስለሆነች በሶማሊኛው ሆዮ ሃሊሞ ነው የሚሏት፣ እናቴ ማለታቸው ነው፣ እሷም መልሳ ልጆቹን ሆዮ ትላቸዋለች። አንድ ከሰዓት እናቱ ደክሟት ተጋድማ፣ ሃሊሞ ከመጣች የለችም በላት አለችው አባቱን። ሃሊሞ መጣች። አለምብርሃን በሩ ላይ ቆመና «የለችም በላት ብላኛለች» አላት። ሃሊሞ እየሳቀች ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት ቢኖር ስልኩን ተቀብሎ እውነቱን ይነግረው ነበር። ስልኩን ካልሰጡት የለም ማለት ነው። ነህምያ በዚህ ሂሳቡ ረካ፣ ከዚያ በመርካቱ አለቀሰ።

ቢኬ ሊደርሱ ሲሉ ለኑሀሚን ደወለ። የት ነሽ ሲላት ቤት ነኝ አለች፣ ድምፁ ግን የቤት አይደለም፣ ንፋስ አለው። ባቡሩ ጡሩምባውን ነፋ። ነህምያ በግራ ጆሮው በመስኮቱ ሰማው፣ ጥቂት ቆይቶ በቀኝ ጆሮው በስልኩ ሰማው። እሷም እንደሰማ አወቀች፣ እሱም እንዳወቀች አወቀ። ስልኩን ዘግቶ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ብርድ ልብሱን አጠፈ፣ አራቱንም አልጋ እንደ ሥራው ልማድ አበጃጀ። እግሩ መሬት እንዲረግጥ ወደ ፊት ወጥቶ ተቀመጠና ጠበቀ። አልጮህም አለ ለራሱ። እናቴን ደግፌ አስቀምጣታለሁ፣ ከዚያ ይናገሩ።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ያየው የበሩን ጠርዝ የያዘ እጅ ነው፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ የዳነ፣ መርፌ የሰነጠቀው፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ እጅ። ቀጥሎ አባቱ ገባ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ግን በሁለት እግሩ የቆመ አለምብርሃን ነው። ነህምያ ሲነሳ የላይኛው አልጋ ጠርዝ ግንባሩን መታው፣ አልተሰማውም፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፣ ሸተተው፣ ያው የቆዳና የሙጫ ሽታ ነው፣ ጡረታ ወጥቶም ያልለቀቀው። ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ከአባቱ ትከሻ በላይ ኑሀሚንን አይቶ ሰደባት፣ ቀብራችሁት ነበር እኮ አላት፣ ከኋላ ሆዮ ሃሊሞን አየና እሷንም ጠራት። እንደዚህ ደስ ብሎት አያውቅም። ስልኩን አወጣና ፎቶዎቹን ከፈተ፤ እየው ይሄን እጀታ፣ እየው ሞላውን፣ ስፌቱን እየው አባዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልልክልህ ነበር።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ አባቱ። ከዚያ ፍራሹን ሳይጫን፣ ሳይቆጥር፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ነህምያ ይህን አየ። ያየውን ነገር እስኪረዳው ድረስ አፉ ስለ ሞላው ማውራቱን አላቆመም። ማንም አልሳቀም። የአባቱ ጢም የሕመም ጢም አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ኑሀሚን ጥቁር ለብሳለች። ሆዮ ሃሊሞ ከሻሿ በላይ ነጠላ ደርባለች፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ፣ ጥለቱ እንደ ክርስቲያን ለቅሶ ወደ አንገት የዞረ። ነጠላውን ያውቀዋል፤ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትለብሰው ነው። አልጋዎቹን እንደገና ቆጠረ። የእሱ፣ የአባቱ፣ የኑሀሚን፣ የሃሊሞ። አራት። በሩን ካውሰር ከውጭ ገጥማዋለች፤ ሌላ የሚገባ ሰው የለም።

«እማዬስ?» አለ።

ኑሀሚን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባቱ ክንዱን ያዘው። «ተቀመጥ ልጄ» አለ፤ እስኪቀመጥ ጠበቀ። «እናትህ አረፈች። ሱባኤ በገባች በአምስተኛው ቀን ከቅዳሴ ስትወጣ ወደቀች፣ አልተነሳችም። በማግስቱ ቀበርናት። በእኔ አሳብበው የጠሩህ ይሄው እህትህና ዘመዶችህ ናቸው፤ እኔ ስልኩን አልይዝም ያልኩት ለዚህ ነው።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሆዮ ሃሊሞ መጥታ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ «ሰሚርና ኢማን ይስጥህ፣ ሆዮ፣ እኔ አለሁ፣ እኔ የትም አልሄደም» አለችው በተሰባበረ አማርኛዋ፤ ትዕግሥትና እምነት ማለቷ ነው። ነጠላው የእናቱን ሳሙና ይሸታል። የሚይዘው ክንድ ነበረ፣ የሚወድቅበት ለስላሳ ነገር ነበረ፣ ሁሉም በሥርዓት ተዘጋጅቶለት ነበር፤ እሱ ግን በሙሉ ልቡ ለሌላ ሰው ሞት ተዘጋጅቶ መጣ። ያለቀሰው እንባ ሁሉ የአባቱ ነው። ለእናቱ ምንም አልተረፈውም። በሐሳቡ ቪየና ነው፣ በጉልበቱ ነው፣ ስልኩ ይበራል፣ ጓንት ያጠለቀ ጣቱ ወደ ቀዩ ይሄዳል፤ ተው ይለዋል፣ ጣቱ አይሰማም።

«ደውላልኝ ነበር፣ ሐምሌ ሠላሳ። ዘጋሁባት።»

አለምብርሃን አውራ ጣቱን ፍራሹ ላይ ተጫነ።

«አውቃለሁ» አለ። «አጠገቧ ነበርኩ። ሥራ ላይ ነው አለችና ሳቀች። አልከፋትም። በሶዋን መቋጠር ነው የቀጠለችው።»

ነህምያ ቀና ብሎ አየው። አባቱ ግን አላየውም፤ ወደ መስኮቱ ዞሯል፣ ሁርሶ እየቀረበ ነው፤ አውራ ጣቱ ፍራሹ ውስጥ ገብታ እንደተጫነች ቀርታለች፣ ሦስት ተቆጠረ፣ አሥር ተቆጠረ፣ አላነሳትም። ዕድሜ ልኩን ያልዋሸ ሰው ሲዋሽ ምን እንደሚመስል ነህምያ አያውቅም፤ ምናልባት እንዲህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያልጠረጠረው ሰው የለም፣ ይህን አንዱን ግን ማጣራት አልፈለገም። እሺ አባዬ አለና የራሱን ትራስ አንስቶ አጥፎ በአባቱ ወገብ ሥር አደረገለት።